ለማላየው ቴሌቪዥን ለምን እከፍላለሁ?

ጀርመን ውስጥ ቤት ተከራይቶ አድራሻውን ያስመዘገበ ሐበሻ ብዙም ሳይቆይ ከኮሎኝ ከተማ አንድ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ላኪው «ባይትራግስሰርቪስ» ይባላል። አኤርዴ፣ ጼትዴኤፍ እና ዶይችላንድራዲዮ የሚባሉት የሕዝብ ማሰራጫዎች በጋራ ያቋቋሙት ገንዘብ ሰብሳቢ ነው። አድራሻህን ያገኘው ከማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ነው። መልእክቱ አጭር ነው፤ ቤት ካለህ በወር 18 ዩሮ ከ36 ሳንቲም ትከፍላለህ። ቴሌቪዥን ኖረህ አልኖረህ ለውጥ የለውም። ጀርመንኛ ሰማህ አልሰማህ ያው ነው።

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደብዳቤ ይዘው ለሚመጡ ሰዎች አነብላቸዋለሁ፤ መልስም እጽፍላቸዋለሁ። የኪራይ፣ የጤና መድን፣ የውጭ ዜጎች ቢሮ፣ የማይመጣ የለም። እንደዚህኛው ሰውን የሚያናድድ ደብዳቤ ግን አላየሁም። በቅርቡ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የምትሠራ አንዲት እህት ማስጠንቀቂያ ይዛ መጣች። «ወንድሜ፣ ቤቴ ቴሌቪዥን የለም። የማየውን በስልኬ ነው የማየው፤ እሱም የአገሬን ነው። እነዚህ ሰዎች ምን አድርገውልኝ ነው የምከፍላቸው?» አለችኝ።

ጥያቄዋ የሚገባ ጥያቄ ነው። ብዙ አስቤበታለሁ። ክፍያው መኖር አለበት ብዬ ነው የማምነው፤ የሚሰበሰብበት መንገድ ግን ደሃውን ይበድላል። ሁለቱንም ልጻፍ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት የፈረንጆቹ ናቸው። የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።)

እስከ 2012 መጨረሻ ክፍያው ከመሣሪያው ጋር የተያያዘ ነበር። ቴሌቪዥን ወይም ራዲዮ ያለው ይከፍላል፤ የሌለው ይተርፋል። ያኔ ጌ-ኤ-ጼት ይባል የነበረው ሰብሳቢ ቤት ለቤት የሚዞሩ ሰዎች ነበሩት። በር አንኳኩተው «ቴሌቪዥን አለዎት ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። የቆዩ ሐበሾች ዛሬም ክፍያውን በዚያው በድሮ ስሙ ነው የሚጠሩት። ከጥር 1 ቀን 2013 ጀምሮ ሕጉ ተቀየረና አንድ ቤት አንድ ክፍያ ሆነ። አራት ሰው አንድ ቤት ቢጋራ አንዱ ከከፈለ ይበቃል። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ዛሬ ማንም ሰው በስልኩም ሆነ በኮምፒውተሩ የፈለገውን ጣቢያ ማየት ስለሚችል መሣሪያ መቁጠር ትርጉም አጥቷል። በር ማንኳኳቱም ቀረ። ለሰው ጓዳ ክብር መስጠት ነውና ይህን ወድጄዋለሁ።

ሂሳቡ ግን ለሁሉም እኩል ነው። የባንክ ኃላፊው 18.36 ይከፍላል። ሌሊት የእሱን ቢሮ የምታጸዳው እናትም 18.36 ትከፍላለች። ክፍያው ብዙ ጊዜ የሦስት ወሩ ባንድ ላይ ስለሚቆረጥ 55 ዩሮ ከ8 ሳንቲም ሆኖ ይመጣል። እሱ መቆረጡን እንኳ ልብ አይለውም። እሷ ግን ያን ሳምንት አስቤዛዋን ትቀንሳለች።

በእርግጥ ነፃ የሚሆኑ አሉ። ከጆብ ሴንተር (ከሥራና ከድጎማ ቢሮው) የመተዳደሪያ ድጎማ የሚቀበል፣ የጥገኝነት ጠያቂ ድጎማ የሚያገኝ፣ ጡረታው አንሶት በመንግሥት የሚደጎም ሽማግሌ፣ «ባፈግ» የሚባለውን የትምህርት ድጎማ እየተቀበለ ከወላጆቹ ውጭ የሚኖር ተማሪ አይከፍሉም። ሃይም ውስጥ፣ ማለትም በስደተኞች የጋራ መጠለያ የሚኖር ሰውም አይመለከተውም። ችግሩ ድጎማ የሚቀበለው ሰው ነፃ የሚሆነው ራሱ ካመለከተ ብቻ መሆኑ ነው። ቅጹን ሞልተህ፣ የድጎማውን ቤሻይድ (የውሳኔ ደብዳቤ) አያይዘህ ካልላክህ ሂሳቡ ይቆጥራል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚከነክነኝ ይሄ ነው። አዲስ ቤት ስትገባ አድራሻህ ማንም ሳይጠይቅህ በኮምፒውተር ወደ ሰብሳቢው ይሄዳል። ድጎማ ላይ መሆንህን የሚያውቀው ቢሮ ግን ለሰብሳቢው አይነግርልህም። ለማስከፈል ሲሆን መረጃው ይፈስሳል፤ ነፃ ለማውጣት ሲሆን ወረቀቱን ተሸክሞ የሚሮጠው ደሃው ነው። ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው ደግሞ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ደብዳቤው ማስታወቂያ ይመስለዋልና መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ከዚያ ቢያንስ 8 ዩሮ መቀጫ የተጨመረበት ውሳኔ። ከዚያ ዕዳውን በግድ የሚያስከፍል አስፈጻሚ።

ስለዚህ ይህን የሚያነብ አዲስ ሰው ካለ፣ ድጎማ የምትቀበሉ ከሆነ ዛሬውኑ አመልክቱ። ማስረጃ ካላችሁ እስከ 3 ዓመት ወደኋላ ተመልሶ ነፃ ያደርጋችኋል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ገቢያችሁ ከድጎማው ወሰን በጥቂቱ ብቻ በልጦ፣ ትርፉ ከ18.36 የሚያንስ ከሆነም የችግር ጊዜ ነፃነት የሚባል አለ፤ እሱንም ጠይቁ። ድጎማ ሳትጠይቅ በላቧ የምታድረው፣ ገቢዋ ግን ዝቅተኛ የሆነው ሠራተኛ ናት መሀል ላይ ወድቃ የምትቀረው። ያቺ የአረጋውያን ቤት ሠራተኛ እንዲህ ናት። ምንም ላደርግላት አልቻልኩም። የተጠራቀመባትን ዕዳ ከፋፍላ እንድትከፍል አስተካክለንላት ተለያየን።

እንግሊዝ አገር ያሉ ወገኖቻችን ነገሩ ከዚህም ይከፋባቸዋል። እዚያ የቴሌቪዥን ፈቃድ በ2025 በዓመት 174 ፓውንድ ተኩል ደርሷል። ሳይከፍሉ በቀጥታ የሚተላለፍ ቴሌቪዥን ማየት የወንጀል ክስ ያመጣል፤ መቀጫው እስከ 1000 ፓውንድ ይደርሳል። ከሚከሰሱት አብዛኞቹ ሴቶች መሆናቸው ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። ቀን ቤት የሚገኘውና በሩን የሚከፍተው ማን እንደሆነ ማሰብ ነው። የአዲስ አበባን ጣቢያ በሳተላይት በቀጥታ የሚያይ ሰውም ያው ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሰውን ለቴሌቪዥን ብሎ በወንጀል መክሰስ ልክ ነው ብዬ አላምንም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ለምን ክፍያውን እደግፋለሁ? ምክንያቱ የሚቀርቡት ፕሮግራሞች አይደሉም። እውነቱን ለመናገር ጀርመኖቹ እሁድ ማታ የሚወዱትን የወንጀል ድራማ አላይም። ምክንያቴ ከአገሬ የመጣ ነው።

እኔ ያደግሁት አንድ ጣቢያ ብቻ በነበረበት ዘመን ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሦስት ሥርዓት አይቷል፤ ሦስቱንም እየተከተለ አወድሷል። ከሁሉም የማይረሳኝ፣ ከታላላቆቼ የሰማሁትና በኋላም ያነበብኩት ግን የመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ነው። ወሎ ውስጥ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ደብቆት ነበር፤ ጣቢያውም ዝም ብሏል። ረሃቡን ቀርጾ ለዓለም ያሳየው ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ነው። የእንግሊዝ ሕዝብ ፊልሙን ካየው አንድ ዓመት ሊሞላው ነበር። የአዲስ አበባ ተመልካች ያየው በእንቁጣጣሽ ማታ፣ ደርግ ንጉሡን ከዙፋን ሊያወርድ ሰዓታት ሲቀሩት ነው። ያውም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር ተቀነባብሮ።

ያ ፊልም እውነት ነበር። የሞቱት ሰዎችም እውነት ነበሩ። ሆኖም ለወሎ ገበሬ ሲባል አልታየም። የታየው ጣቢያውን የያዘው እጅ ስለተለወጠ ነው። አንድ ዓመት ቀድሞ ቢታይ ስንት ሰው ይተርፍ ነበር? ይህን ጥያቄ ከአእምሮዬ ማውጣት አልችልም። ማንም ሳይፈቅድለት ያን ረሃብ በሰዓቱ ማሳየት የሚችል ጣቢያ ቢኖረን የፈለገውን ያህል እከፍል ነበር። ጀርመኖቹ ስለ ክፍያው ሲከራከሩ እኔ ወሎ ነው የሚታየኝ።

የጀርመን ታሪክም ከእኛ ብዙ አይርቅም። እዚህ አገር የራዲዮ ክፍያ የተጀመረው በ1920ዎቹ ነው፤ በወር 2 ማርክ። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ክፍያውን አላጠፉትም። የዚያ ገንዘብ ትልቁ ድርሻ ለጎብልስ የፕሮፓጋንዳ ሚኒስቴር ሆነ። ርካሽ ራዲዮ አሠርተው በየቤቱ አስገቡ፤ ሕዝቡ በየወሩ እየከፈለ ሲዋሸው የሚውለውን ራዲዮ ሰማ። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ክፍያ በራሱ ነፃነት አይደለም ማለት ነው። ከሕዝብ ኪስ የመጣ ገንዘብ ሕዝብን ለማታለልም ይውላል።

ከጦርነቱ በኋላ ይህ እንዳይደገም ብዙ ተደክሟል። ጣቢያዎቹ በየክፍለ ግዛቱ ተከፋፈሉ፤ ማዕከላዊው መንግሥት እጁን እንዳያስገባ። ሆኖም ሥልጣን ያለው ሰው መሞከሩን አያቆምም። መራሔ መንግሥት ኮንራድ አደናወር በ1960 የራሱን የቴሌቪዥን ኩባንያ አቋቋመ። ክፍለ ግዛቶች ከሰሱት። በየካቲት 1961 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ «መንግሥት ቴሌቪዥን ማስተዳደር አይችልም» ሲል ወሰነ፤ ኩባንያው ፈረሰ። አደናወር አገሪቱን ከፍርስራሽ ያነሣ ትልቅ ሰው ነበር። ትልቅነቱ ቴሌቪዥን እንዲሰጡት አላደረገም። ክፍለ ግዛቶቹ ተስማምተው ጼትዴኤፍን የመሠረቱት ከዚህ በኋላ ነው።

በ2009 ደግሞ የጼትዴኤፍ ዋና አዘጋጅ ኒኮላውስ ብሬንደር ውሉ ሳይታደስለት ቀረ። ቦርዱ ውስጥ ያሉ ፖለቲከኞች ናቸው የከለከሉት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰና በመጋቢት 2014 ተወሰነ፤ በጣቢያው ምክር ቤቶች ውስጥ ከመንግሥትና ከፓርቲ የሚመጡ ሰዎች ከሲሶ መብለጥ አይችሉም። የቀሩትን መቀመጫዎች የአብያተ ክርስቲያናት፣ የአይሁድና የሙስሊም ማኅበረሰቦች፣ የሠራተኛ ማኅበራት፣ የስፖርትና የሌሎችም ማኅበራት ተወካዮች ይይዙታል። ሲሶ የሚለውን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የገንዘቡ መጠንም በሚኒስትር አይወሰንም። 16 ባለሙያዎች ያሉበት ኮሚሽን የጣቢያዎቹን በጀት መርምሮ ዋጋውን ይመክራል፤ የ16ቱ ክፍለ ግዛት ምክር ቤቶች ያጸድቁታል። በ2020 መጨረሻ ዛክሰን-አንሃልት የተባለው ክፍለ ግዛት የ86 ሳንቲም ጭማሪውን አላጸድቅም ብሎ ሁሉንም አገደ። በ2021 ፍርድ ቤቱ ጭማሪው ተግባራዊ ይሁን አለ፤ ያለ በቂ ምክንያት ገንዘብ መከልከል የጣቢያውን ነፃነት መንካት ነው ብሎ። 86 ሳንቲም ብዙ ሰው ያስቀው ይሆናል። ጉዳዩ ግን ትልቅ ነው። ዜናህን ያልወደደ ፖለቲከኛ ጉሮሮህን መያዝ ይችላል ወይስ አይችልም? ነው ጥያቄው።

ከመንግሥት በጀት ቢከፈልስ? ብዙ ሰው የሚመርጠው ይህን ነው፤ ፈረንሳይም በ2022 የ138 ዩሮውን ዓመታዊ ክፍያ አስቀርታለች። አማርኛ አድማጭ ግን መልሱን በራሱ ጆሮ ሰምቷል። የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ዝግጅት ከ1982 ጀምሮ ሲሰማ የኖረ ነው። በደርግ ዘመን ሰው በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያዳምጠው ነበር። የጣቢያው ገንዘብ የሚመጣው ከአሜሪካ መንግሥት በጀት ነው። በመጋቢት 2025 ከፕሬዝዳንቱ አንድ ትእዛዝ ወጣና በማግስቱ ሠራተኞቹ ቤታችሁ ተቀመጡ ተባሉ። አማርኛውም ዝም አለ። ከአርባ ዓመት በላይ የለመድነው ድምፅ ነው በአንድ ቀን የጠፋው።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ላቃና። በወር የምንከፍለው 18.36 ለዶይቸ ቬለ አማርኛ አይደለም። ከ1965 ጀምሮ የምናውቀው «የጀርመን ድምፅ» ገንዘቡን የሚያገኘው ከፌዴራል መንግሥቱ የግብር በጀት ነው። የቢቢሲ አማርኛ ታሪክ ሌላ ነው። በ2017 የተጀመረ ሲሆን፣ የቢቢሲ ዓለም አቀፍ አገልግሎት ወጪ የሚሸፈነው በዋናነት የብሪታንያ ቤቶች ከሚከፍሉት የቴሌቪዥን ፈቃድ ነው፤ መንግሥትም ይደጉመዋል። ለንደን ያለች አንዲት ሐበሻ የምትከፍለው ገንዘብ በከፊል ጎንደር ያለች እህቷ ስልክ ላይ ዜና ሆኖ ይደርሳል ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው የሚለወጥ ሰዎች አይቻለሁ።

ክፍያም ቢኖር ሕጉ ከሌለ ዋጋ እንደሌለው ግሪክ አሳይታናለች። እዚያ የሕዝቡ ጣቢያ ክፍያ ከመብራት ሂሳብ ጋር ነበር የሚሰበሰበው። በሰኔ 11 ቀን 2013 መንግሥት ጣቢያውን እዘጋለሁ ብሎ ተናገረ፤ ያኑ ሌሊት ስርጭቱ ተቋረጠ። ሕዝቡ እየከፈለ ነበር።

የጀርመን ጣቢያዎች መላእክት ናቸው እያልኩ አይደለም። በ2022 የበርሊንና ብራንደንቡርግ ጣቢያ ኃላፊ ፓትሪሲያ ሽሌዚንገር ስለ ውድ የቢሮ እድሳትና ስለ እራት ግብዣ ወጪ በተነሣ ወቀሳ ከሥራቸው ተሰናብተዋል። ያ ገንዘብ የዚያች ጽዳት ሠራተኛ ገንዘብ ነው፤ የሰው ቁጣ ልክ ነበር። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። የራሱ የጣቢያው ጋዜጠኞች ቡድን አቋቁመው አለቃቸውን መረመሩ፤ ያገኙትንም በዚያው ጣቢያ ዘገቡ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያደረገ ሰው ወጪት ሰባሪ ይባላል። እዚህ ግን ወጪቱ የአለቃዋ አልነበረም፤ የከፋዩ ነው።

እንዴት ይሻሻል ብባል መልሴ ስዊድን ናት። ከ2019 ጀምሮ እዚያ ክፍያው ከገቢ 1 በመቶ ሆኖ ከግብር ጋር ይሰበሰባል፤ ጣሪያም አለው። ገቢ የሌለው አይከፍልም፤ ማመልከቻም አይጽፍም። ገንዘቡም ከመንግሥት በጀት ተለይቶ ይቀመጣል። የጀርመን ሕግ ክፍያውን ከግብር ለይቶ ስለሚያየው ነገሩ እዚህ ቀላል አይሆንም። ቢያንስ ግን ጆብ ሴንተሩ ነፃ የሚሆነውን ሰው ስም ራሱ ቢልክ ማን ይጎዳል? አድራሻን መላክ የሚችል ኮምፒውተር ይህንንም ይችላል።

አሁን ወደ አገር ቤት። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ በመብራት ሂሳቧ ላይ በወር 10 ብር የቴሌቪዥን ክፍያ ሲቆረጥባት ቆይቷል። የመብራቱን ሂሳብ ከዚህ የምልክላት እኔ ስለሆንኩ ሁለቱንም ክፍያ እኔ ነኝ የምከፍለው፤ የኮሎኙንም የኢቢሲውንም። 10 ብር ብዙ አይደለም፤ መጠኑ ላይ ቅሬታ የለኝም። የመብራት ሂሳብ ላይ መለጠፉን ግን አልወድም፤ ያልከፈለ ሰው ጨለማ ውስጥ እንዳይቀመጥ ይፈራል። ከሁሉም በላይ የምጠይቀው ግን ሌላ ነው። ኢቢሲ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ ውስጥ አብላጫውን ወንበር የያዘው ገዥው ፓርቲ ነው። እንግዲህ ያ ሲሶ የሚለው ቁጥር ወደ አራት ኪሎ ቢመጣ ብላችሁ አስቡ።

ቦርዱ ውስጥ ከመንግሥትና ከፓርቲ የሚመጣው ከሲሶ አይብለጥ። የቀረውን የመምህራን ማኅበር፣ የገበሬ ማኅበራት፣ የሃይማኖት ተቋማት፣ የሠራተኛ ማኅበራት፣ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ይላኩ፤ የላኩትንም ሰው ራሳቸው ይምረጡ። ዋና ሥራ አስፈጻሚውን ይህ ቦርድ ይሹም፣ ይኸው ቦርድ ያንሣ። ክፍያው የት እንደዋለ በየዓመቱ በብር ይታተም። አንድ ወረዳ ውስጥ ሰው ሲራብ ዘጋቢው ከማንም ስልክ ሳይጠብቅ ሄዶ ይቅረጽ፤ ያንኑ ማታ ይታይ። ይህ ሕግ ሆኖ ከወጣና ሲጣስ የሚፈርድ ፍርድ ቤት ከኖረ 10 ብሩን 50 ያድርጉት። የእናቴን እኔ እልካለሁ።